ውሃ ራሱ የሚዘጋው በር

በ1960ዎቹ የተሠራ የጠላቂ ሰዓት ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። መስታወቱ ተጫጭሯል፤ ጥቁር የነበረው ገጹ በፀሐይ ብዛት ወደ ቡናማ ሄዷል። በአንድ ጎኑ ሁለት መሙያ አለው፤ የሁለቱም ራስ ላይ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ተቀርጸዋል። ሠሪው የጀርባውን ክዳን በመፍቻ ይዞ ቀስ እያለ ያዞራል። ክዳኑ ተነሥቶ ሲገለበጥ፣ ባለቤቱ ለዓመታት አስሮት አይቶት የማያውቀው ምልክት ከውስጥ ብቅ ይላል፦ የጥንት ጠላቂዎች የሚያጠልቁት ክብ የራስ ቁር።

ምልክቱ በስዊዘርላንድ፣ ጁራ አካባቢ፣ ባስኩር በምትባል መንደር የነበረው የኤርቪን ፒኬሬ ፋብሪካ መለያ ነው። ፋብሪካው ሰዓት አልሠራም፤ የሠራው ቀፎ ነው። ሎንጂን፣ ዩኒቨርሳል ዤኔቭ፣ ኤኒካር፣ ሃሚልተን፣ ቡሎቫና ሌሎችም ቀፎውን ከእሱ እየወሰዱ የራሳቸውን ማሽን ከተቱበት፤ ገጹ ላይም ስማቸውን ጻፉ። በገበያ የታወቁት እነሱ ናቸው። ውሃውን ይዞ ያቆመው ሰው ስም ግን ከክዳኑ በስተውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ቀረ።

ስለ ድሮ የጠላቂ ሰዓቶች የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ስምና ስለ ዋጋ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ክዳኑና አካሉ በሚገናኙበት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ መሐንዲሶችን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ እዚያ ተቀምጧል። ውሃው ሲገፋ በጉልበት ይመከት? ወይስ የራሱ ግፊት በሩን እንዲዘጋ ይደረግ?

ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የጎን ለጎን ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መስታወት 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ገጽ አለው። 100 ሜትር ጥልቀት ላይ 70 ኪሎ፣ የአንድ ጎልማሳ ክብደት፣ ይጫነዋል። 600 ሜትር ላይ ከ4 ኩንታል ያልፋል። ወፍራም ብረት ይህን ይችለዋል። ችግሩ ሰዓት በር የሌለው ብረት አለመሆኑ ነው። ፊት ለፊት መስታወት፣ ከኋላ ክዳን፣ ከጎን ደግሞ መሙያ አለ። ከሦስቱ ክፉው መሙያው ነው። ሰዓቱ እንዲሞላና እንዲስተካከል የግድ መዞር አለበት፤ ዘንጉም ቀፎውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል።

ኦክቶበር 21 ቀን 1927 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መርሴዲስ ግላይትዘ የተባለች እንግሊዛዊት ታይፒስት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ወዳለው ቀዝቃዛ ባሕር ገባች። ከሁለት ሳምንት በፊት ዋኝታ ተሻግራው ነበር። ሆኖም ሌላ ሴት በሐሰት ተሻገርኩ ብላ ስለ ነበር የእሷም ድል ተጠረጠረ፤ ስሟን ልታጸዳ ዳግመኛ ገባች። ከ10 ሰዓት በላይ ከዋኘች በኋላ ቅዝቃዜው አሸነፋትና ሳትጨርስ ከውሃው አወጧት። አንገቷ ላይ የታሰረችው ትንሽ የወርቅ ሰዓት ግን እየሠራች ነበር። የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ዕድሉን አላሳለፈውም። በወር ገደማ ውስጥ፣ ኖቬምበር 24፣ የዴይሊ ሜይል ጋዜጣን የፊት ገጽ በሙሉ ገዝቶ ኦይስተር የሚለውን ሰዓቱን አስተዋወቀ።

የኦይስተር መልስ ጉልበት ነው። የፊቱ ቀለበት፣ የጀርባው ክዳንና መሙያው ሦስቱም በብሎን ጥርስ መካከለኛው አካል ላይ እየተጠመዘዙ ይጠብቃሉ። ወደ ታች ተጠምዝዞ የሚቆለፈውን መሙያ ዊልስዶርፍ ራሱ አላሰበውም። ፖል ፔርጎ እና ዦርዥ ፔሬ የተባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን ያስመዘገቡትን የፈጠራ መብት ገዝቶ ነው የተጠቀመበት። አሠራሩ ጠንካራና ቀጥተኛ ነው፤ ዛሬም በብዙ የጠላቂ ሰዓቶች ላይ ያለው ይኸው ነው። ድክመቱ ከሰው ይመጣል። ባለቤቱ ሰዓቱን አስተካክሎ መሙያውን መልሶ ሳይጠመዝዝ ውሃ ከገባ፣ ያ ሁሉ ጥርስ ምንም አይጠቅመውም። በዚያ ላይ በየቀኑ እየተፈታ የሚታሰር ጥርስ ውሎ አድሮ ይበላል።

ኦሜጋ በ1932 በሌላ መንገድ ሄደ። ማሪን የተባለው ሰዓት ሁለት ቀፎ አለው፤ ማሽኑን የያዘው ትንሹ ቀፎ ትልቁ ውስጥ ተንሸራትቶ ይገባል። መገናኛቸው ላይ ቆዳ ተነጥፏል፤ ከኋላ ያለው መቆለፊያም ሁለቱን አጣብቆ ይይዛል። መሙያው የውጭው ቀፎ ውስጥ ስለሚሸፈን ውሃው በቀጥታ አያገኘውም። ጥልቀቱ ሲጨምር ውሃው ራሱ አንዱን ቀፎ በሌላው ላይ ይበልጥ ያጣብቀዋል። በ1936 ሰዓቱ ዤኔቭ ሐይቅ ውስጥ 73 ሜትር ወርዶ 30 ደቂቃ ቆየ፤ አንዲት ጠብታም አልገባችበትም። በሚቀጥለው ዓመት የኖሻቴል የሰዓት ላቦራቶሪ 135 ሜትር የሚያህል ግፊት እንደሚችል አረጋገጠ። ሰዓት ለመሙላት በየጊዜው ቀፎውን ማውጣት ግን አሰልቺ ነው፤ ማሪን ሰፊ ገበያ ሳያገኝ አለፈ። ሐሳቡ ግን አልሞተም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠላቂነት ራሱ ተለወጠ። አየሩን በጀርባው የተሸከመ ሰው ከላይ ገመድ የሚይዝለት የለም፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ካላወቀ በሕይወት አይመለስም። ይህን በራሱ ላይ የቀመሰው የሰዓት አምራቹ የብላንፓ ኃላፊ ዣን ዣክ ፊሽተር ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ሲጠልቅ ጊዜው እንደሄደ ሳያውቅ አየሩ አለቀበትና በችኮላ ወጣ። በዚያው ወቅት የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የውሃ ውስጥ ተዋጊዎች አዛዦች፣ ሮበር ማሉቢዬ እና ክሎድ ሪፎ፣ ለጓዶቻቸው የሚሆን ሰዓት ይፈልጉ ነበር። ያነጋገሩት አንድ የፈረንሳይ ሰዓት አምራች ገበያ የለውም ብሎ መለሳቸው። በ1953 ከፊሽተር ጋር ተገናኙ፤ ፊፍቲ ፋተምስም ተወለደ። ስሙ የሚናገረው ጥልቀት 91 ሜትር ገደማ ነው።

የሚጠመዘዘው መሙያ መብት በሮሌክስ እጅ ስለነበር ፊሽተር ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት፤ ያገኘው ደግሞ በእኔ ዓይን ከተከለከለው ይሻላል። ዘንጉ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃ የሚያግድ የጎማ ቀለበት፣ አደረገ። ጠላቂው ውሃ ውስጥ ሳያውቅ መሙያውን ቢስበው እንኳ የውስጠኛው ጎሚኒ ዘግቶ ይቆያል። ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎሚኒም አልረሳውም። ክዳን በሚጠመዘዝበት ጊዜ ጎማውን ይዞት እየዞረ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ጎማም ያሾልካል። ፊሽተር ጎማውን ቦይ ውስጥ አስተኝቶ ላዩ ላይ የብረት ቀለበት ጨመረ፤ ክዳኑ በብረቱ ላይ ይዞራል፤ ጎማው ሳይነካ ወደ ታች ብቻ ይጨመቃል። የደቂቃ ቀለበቱም ተጭነው ካልሆነ አይዞርም፤ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ጠላቂው ያለውን የአየር ጊዜ አያሳስተውም። የሰውን መርሳትና የሰውን መቸኮል አስቀድሞ ያሰበ ቀፎ ነው፤ ያሰበለትም ውሃ ውስጥ ሊሞት ጥቂት የቀረው ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። የባሕር አሳሹ ኩስቶና የፊልም ባለሙያው ሉዊ ማል ሠርተውት በ1956 በካን ከፍተኛውን ሽልማት ባገኘው የባሕር ውስጥ ፊልም ላይ ጠላቂዎቹ ያሰሩት ይህንኑ ሰዓት ነው። በዚያው ዘመን ገበያ የወጣው የሮሌክስ ሰብማሪነር በበኩሉ በኦይስተር መንገድ ጸና፤ ጥርሱን አጠንክሮ፣ ጎሚኒውን ጨምሮ ቀጠለ።

አሁን ወደ ፒኬሬ ቀፎ። ፒኬሬ በ1950ዎቹ ኮምፕረሰር በሚል የንግድ ስም ያወጣቸው ቀፎዎች የማሪንን ሐሳብ ወስደው ለዕለት ኑሮ የሚመች አደረጉት። ክዳኑ እንደ ሌላው ሰዓት ጥርቅም ብሎ አይታሰርም። ሞላ አለው፤ በጣም ጥቂት ወደ ውስጥ መግባት ይችላል። ከውሃ ውጭ ጎሚኒው በስሱ ብቻ ይጨመቃል። ጠላቂው ሲወርድ ውሃው ክዳኑን ይገፋዋል፤ ክዳኑ ጎሚኒውን ይጫነዋል፤ ጥልቀቱ በጨመረ መጠን መዝጊያው ይጠብቃል። የፋብሪካው መከራከሪያ ዕድሜ ነበር፦ ጎማ ዘወትር እየተጨመቀ ከኖረ ይሞታል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ከተጨመቀ ግን ይቆያል። ክዳን አዘጋጉ በየዓይነቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ እንደ ሁለት ጆሮ አምፖል ገፋ ተደርጎ ትንሽ ዞሮ ይቆለፋል፤ ሱፐር ኮምፕረሰር የተባለው፣ ለጥልቁ የታሰበው፣ በጥርስ ይታሰራል።

ይህ አስተሳሰብ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጠላትን ደጅ ጠባቂ አድርጎ መቅጠር ነው። ሆኖም የሚያምር ሐሳብ ሁሉ ሙሉ አይደለም፤ የኮምፕረሰር ድክመት ከውበቱ ሥር ይገኛል። መዝጊያው የሚጠብቀው ጥልቅ ውስጥ ከሆነ፣ የሚላላው ላይ ነው ማለት ነው። ጎሚኒው አዲስ ሳለ ይህ አያሳስብም። ጎማው ሲደርቅ ግን ሰዓቱን የሚገድለው ባሕር አይሆንም፤ እጅ መታጠቢያና ዝናብ ነው። ኦሜጋ በ1960ዎቹ ሲማስተር 300 ላይ ያደረገው ናያድ የተባለው መሙያም በዚሁ ምክንያት ታማ። ግፊቱ ሲበረታ ግጥም ይላል፤ ብዙም ጥልቀት በሌለው ውሃ ግን ያን ያህል አስተማማኝ አልነበረም። የብዙ ሰዎች ሰዓት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚያገኘው ይህንኑ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ሱፐር ኮምፕረሰሮች የደቂቃ ቀለበታቸውን ከመስታወቱ በታች አስገብተውታል። ከግጭት ይድናል፤ ባለማወቅም አይዞርም። እሱን ለማዞር ግን ሁለተኛ መሙያ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ መሙያ ማለት ቀፎው ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጣው የዤዤ ለኩልትር ፖላሪስ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚጮህ ደወል ስለጨመረ መሙያዎቹ ሦስት ደረሱ። ድምፅ በወፍራም ብረት አይሰማም፤ ውሃ ደግሞ ቀጭን ብረት አይምርም። መፍትሔ ያገኙት ጀርባውን ድርብርብ በማድረግ ነው፤ ከውስጥ ውሃ የሚያግድ ክዳን፣ ከውጭ ደግሞ ክንድ ድምፁን እንዳያፍነው 16 ቀዳዳ የተበሳበት ሌላ ክዳን። በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ደፋሩ ይህ ይመስለኛል፤ ምርጡ ግን አይደለም።

ዛሬ ነጋዴዎች ሁለት መሙያ ያለውን አሮጌ ሰዓት ሁሉ ሱፐር ኮምፕረሰር ይሉታል። ይህ ገዢን ያሳስታል። ሁለት መሙያና የውስጥ ቀለበት ያላቸው፣ ክዳናቸው ግን ተራ የጥርስ ክዳን የሆነ ሰዓቶች ብዙ ናቸው። ኮምፕረሰርነት ከፊት አይታይም፤ የሚታወቀው ክዳኑ ሲከፈት ነው።

ጉልበት ብቻውን የት እንደሚያደርስ የታየው ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ነው። ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በተባለችው ጠላቂ መርከብ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ማሪያና ሸለቆ ውስጥ ወደ 11 ሺህ ሜትር ገደማ ሲወርዱ፣ ከውጭዋ አካል ላይ አንድ የሮሌክስ የሙከራ ሰዓት ታስሮ ነበር። በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1 ቶን በላይ ግፊት ችሎ እየሠራ ተመለሰ። መስታወቱ ግን እንደ ጉልላት ያበጠ ነው፤ ማንም እጁ ላይ አስሮ ሊኖርበት አይችልም። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ የሚባል ብዙ የለም።

ቀጣዩ ፈተና ከውሃ አልመጣም፤ የመጣው ከአየር ነው፤ ታሪኩም ወደ እኛ ባሕር ይቀርባል። በ1963 ክረምት ኩስቶ ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ሻአብ ሩሚ በተባለው የቀይ ባሕር ኮራል ላይ ቤት ሠራ። 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በተተከለው የኮከብ ቅርጽ ያለው ቤት አምስት ሰዎች ለአንድ ወር ኖሩ፤ ከዚያ ጠለቅ ባለች ትንሽ ጎጆ ደግሞ ሁለት ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ አንድ ሳምንት ሰነበቱ። ቡድኑ ይጠቀምባት የነበረችው ትንሽ ጠላቂ መርከብ ጋራዥ ዛሬም እዚያው ባሕር ሥር ቆሟል። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ሲላብ በተባለው የባሕር ሥር ቤት ሙከራ፣ ፈረንሳውያን ኮሜክስ በተባለው የጠላቂዎች ኩባንያ ሥራውን ወደ ጥልቁ ገፉት፤ ሰዎች ለቀናት ግፊት ባለው ደረቅ ክፍል ውስጥ እየኖሩ፣ ወደ ሥራ እየወጡ እየገቡ፣ ሂሊየም መተንፈስ ጀመሩ።

የሂሊየም አተሞች እጅግ ጥቃቅን ናቸው። ውሃ የማያሳልፈው ጎሚኒ ሂሊየምን ቀስ በቀስ ያሳልፋል። ለቀናት ግፊት ውስጥ የቆየ ሰዓት ውስጡ በሂሊየም ይሞላል። ሰዎቹ ከባሕር በላይ ወዳለው ተራ የአየር ግፊት ሲመለሱ፣ ሂሊየሙ እንደገባበት ፍጥነት መውጣት አይችልም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ መስታወቱም ተፈናጥሮ ይወጣል። ወደ ውስጥ ለሚመጣ ግፊት የተሠራ በር ወደ ውጭ ለሚሄድ ግፊት ደካማ ነው። ውሃን ወዳጁ ያደረገው ኮምፕረሰር እንኳ እዚህ ወዳጅ የለውም።

መልሱ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። ሮሌክስ በ1967 በጀመረው ሲ ድዌለር፣ ዶክሳ የተባለው ሰዓት አምራችም በበኩሉ፣ ቀፎው ላይ ትንሽ ቫልቭ አደረጉ፤ የውስጡ ግፊት ሲበልጥ ይከፈትና ሂሊየሙን ያስወጣል። ይሠራል፤ ግን በር ላይ ሌላ በር ጨመረ። ኦሜጋ በ1970 አካባቢ ፕሎፕሮፍ በሚባለው ሲማስተር 600 ላይ በተቃራኒው በሩን አጠፋ። ቀፎው ከአንድ ብረት የተፈለፈለ ነው፤ የጀርባ ክዳን የለውም። መሙያው በግራ ጎን በትልቅ መከላከያ ተደግፎ ይቆለፋል፤ የደቂቃ ቀለበቱን ለማዞር ቀዩ ቁልፍ መጫን አለበት። መልኩ ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ማዕዘኑ ምክንያት ያለው ሰዓት አይቼ አስቀያሚ ነው ማለት አልችልም።

ከሁሉ የምመርጠው የሴይኮን መልስ ነው። በ1968 በጃፓን፣ ሂሮሺማ ግዛት፣ ከኩሬ ከተማ አንድ ጠላቂ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ፤ እሱ በሚሠራበት ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ሰዓቶቻችሁ አይችሉም አለ። መሐንዲሱ ኢኩኦ ቶኩናጋና ባልደረቦቹ ቅሬታውን ይዘው ሰባት ዓመት ሠሩ። በ1975 የወጣው 600 ሜትር የሚወርድ ሰዓት ከታይታኒየም የተሠራ፣ ጀርባው ክዳን የሌለው አንድ ወጥ ቀፎ ነው። መስታወቱን የያዘው ጎሚኒ ክብ ገመድ አይደለም፤ ሲቆረጥ የኤል ቅርጽ አለው፤ የመስታወቱን ጎንና ሥር በአንድ ጊዜ ያቅፋል። ስለዚህ ሂሊየም ገብቶ በሰላም የሚወጣበትን መንገድ ከማበጀት፣ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ማድረግ ቻሉ። ቫልቭ አላስፈለጋቸውም። ዓለም ትልቅ ወፍራም ብረት ሲፈልግ እነሱ የአንዲት ጎማ ቅርጽ ላይ ተቀምጠው አሰቡ፤ መልሱም እዚያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገጽ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጨምሯል፤ ሰው ግን ያን ያህል አልወረደም። በ1988 የኮሜክስ ጠላቂዎች በሜዲትራንያን ባሕር 534 ሜትር ላይ ሠሩ፤ በ1992 አንድ ሰው በየብስ ላይ ባለ የግፊት ክፍል ውስጥ 701 ሜትር የሚያህል ግፊት ደረሰ። የጠላቂ ሰዓት ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይሶ 6425፣ የወጣውም በ1982 ነው። ከዚያ በፊት ገጽ ላይ የተጻፈው ጥልቀት የየአምራቹ ቃል ነበር።

ያም ቃል የተሰጠው ጎማው አዲስ ሳለ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ጎሚኒ ወይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ወይ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ጎማ ይለወጣል፤ የማይለወጠው ጎማው የሚያርፍበት የብረት ቦይ ነው። ላብና ጨዋማ ውሃ እዚያ ተቋጥረው ብረቱን ይበሉታል፤ በተበላ ቦይ ላይ አዲስ ጎሚኒ ቢያርፍም ውሃ መንገድ ያገኛል። አሮጌ የጠላቂ ሰዓት የሚገዛ ሰው ከገጹ ይልቅ ይህን ቦይ በጉሊ መነጽር ማየት አለበት። ኮምፕረሰር ከሆነ ደግሞ የጎማውን ውፍረት ይጠይቅ። ብዙ ሰዓት ሠሪዎች ልክ የሆነውን ስለማያገኙ ወፍራም ጎማ ከትተው ክዳኑን በኃይል ያጠብቁታል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል፤ ፒኬሬ የሠራው ነገር ስሙ ብቻ ይቀራል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሰዓቱ ግማሹ ውሃ በሆነ የመስታወት በርሜል ውስጥ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ አየር ይሞላበታል። ከዚያ ወደ ውሃው ዝቅ ይደረግና ግፊቱ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። የሚያሾልክ ከሆነ ገብቶ የነበረው አየር ካሾለከበት ቦታ በአረፋ መስመር ይወጣል፤ ጥፋተኛው መሙያው ይሁን ክዳኑ ወዲያው ይታያል። ውሃው ግን ገና አልገባም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የብዙዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች ቁጥሮችና ቆጣሪዎች በራዲየም ቀለም ነበር የሚያበሩት። ዛሬ ብርሃኑ ጠፍቷል፤ የጠፋው ግን አብሮት የተቀላቀለው አብሪ ዱቄት ስለተቃጠለ ነው። ራዲየሙ ራሱ ግማሹ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ብላንፓ በኋላ ፊፍቲ ፋተምስን ያለ ራዲየም ሲያወጣ ገጹ ላይ ጨረር የለበትም የሚል ምልክት አተመበት። ያ ምልክት የሌለበት የቆየ ቀፎ ሲከፈት፣ የፈረሰው ቀለም በትንፋሽ ሊገባ የሚችል ብናኝ ይሆናል። ራዲየሙ የሚያወጣው ራዶን ጋዝም እንደ ሂሊየም በጎማ መካከል ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ቤት ውስጥ በቢላዋ አይከፈትም፤ ብዙ ከሆኑም በተዘጋ መሳቢያ፣ በመኝታ ክፍል፣ አይከማቹም።